ከጎባ እስከ ሳነቴ፦ ለባለ ጉልበት መኪና ጎማ ሲመረጥ

አጥንት የሚሰረስረው የጎባ ብርድ ገና ሳይለቅ የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ይነሣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው በዚህች የቀድሞ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጎሚስታዎች ሥራ የሚጀምሩት ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ነው። አንዱ ባጃጅ ነፋስ ያስሞላል፤ ባለ ጋሪው ከመኪና የተረፈ ጎማውን ያስለጥፋል። ከመሃላቸው ከአዲስ አበባ የመጣ ላንድክሩዘር በክሪክ ተነሥቶ ይታያል። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ የጎማዎቹ ጥርስ ግን አልቋል።

ልምድ ያለው ጎሚስታ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ጉዞው ወዴት ነው?»

ወደ ምዕራብ ከሆነ ሮቤን፣ ዲንሾን፣ አዳባንና ዶዶላን አልፎ ሻሸመኔ የሚያደርስ አስፋልት አለ። ወደ ደቡብ ከሆነ ግን መንገዱ ከከተማዋ ጀርባ ሽቅብ ይወጣና የአስታውን ቁጥቋጦ አልፎ ሳነቴ አምባ ላይ ይደርሳል። እዚያ ከፍታው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በሐረና ጫካ ቁልቁል ወርዶ፣ ሪራን አቋርጦ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደሎ መና ያመራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት መቶ ኪሎ ሜትርን ብዙ አያልፍም። አንድ ጎማ ግን በአንድ ቀን ጉዞ ውርጭ፣ ስለታም ጠጠር፣ ጭጋግ፣ የጫካ ጭቃና የቆላ ሙቀት ይፈራረቁበታል። ለሻሸመኔ መንገድ የሚመሰገን ጎማ ሳነቴ ላይ ባለቤቱን ሊያሳፍር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተራራውና ሞተሩ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ፤ ቁመቱ 4,302 ሜትር ነው። በየዓመቱ የሚካሄደው የተራራ ላይ የመኪና ውድድር 2,860 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ተነሥቶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይሮጥና ጫፉ ላይ ያበቃል። የባሌ ሰው ይህን ሲሰማ አገሩን ያስታውሳል። የውድድሩ መነሻ ከጎባ ከፍታ ብዙም አይርቅም፤ በሳነቴ ላይ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነውና ከፓይክስ ፒክ ይበልጣል። እሱም ጫፉ ድረስ መኪና የሚወጣበት የጠጠር መንገድ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ አይዲ አር በተባለችው የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ፓይክስ ፒክን ከ8 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወጣው። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። ምክንያቱ ለባሌ ሹፌሮች እንግዳ አይደለም። በ4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አየር በሢሶ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጉልበቱ በዚያው ልክ ይደክማል። ጎባ ላይ በሦስተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ሳነቴ አፋፍ ላይ ሁለተኛን የሚለምነው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ የታች ጉልበቱን ይዞ ላይ ይደርሳል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ ቀድሞ በውድ የስፖርት መኪኖች ብቻ ይታወቅ የነበረው ፈጣን አነሣስ በአዲስ አበባ መንገዶች የተለመደ ሆኗል። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለ መኪና ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ፔዳሉ በተነካ ቅጽበት ደግሞ ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን ወደ ጎማው ይልካል። ክብደትና ድንገተኛ ኃይል ሲደመሩ የጎማ ጥርስ ቶሎ ያልቃል። ከዚህም ሌላ የአይዲ 4 የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋታቸው ይለያያል፤ ለምሳሌ ባለ 20 ቸርኬው ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ «የፊቱን ወደ ኋላ አዙርልኝ» የሚለው የቆየ ዘዴ ለዚህ መኪና አይሆንም።

ጎኑ ላይ የተጻፈው

ሃይሉክስ ላይ የተለመደ አንድ ጎማ እንውሰድ። ጎኑ ላይ 265/65 አር 17፣ ቀጥሎም 112 ኤስ ተብሎ ተጽፏል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ አር ራዲያል መሆኑን፣ 17 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ብዙ ገዢ ንባቡን እዚህ ላይ ያቆማል። ለባሌ መንገድ ግን ዋናው ቁም ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ኤስ ደግሞ ጎማው በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደተፈተነ ያሳያል። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብልዩ 270 ናቸው።

ጉልበታም መኪና ያለው ሰው በፊደሉ ይማረካል፤ ደብልዩ ከኤስ የተሻለ ይመስለዋል። ለአውሮፓ አውራ ጎዳና እውነት ነው። ጎባና ደሎ መና መካከል ግን በሰዓት 270 ቀርቶ 70 ኪሎ ሜትር መሮጥም ድፍረት ነው። እዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለክብደት ቁጥሩ ነው። ስድስት ሰው፣ ድንኳን፣ የምግብ ሣጥንና ትርፍ ነዳጅ የጫነ መኪና ሳነቴ ላይ ሲንጓለል ከጭነቱ አብዛኛው በየተራ በሁለት ጎማዎች ላይ ያርፋል። የሚገዛው ጎማ የክብደት ቁጥር በመኪናው በር ደፍ ላይ ከተለጠፈው ካነሰ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ መመለስ አለበት።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የጎኑ ቁመት ነው። የሃይሉክሱ ጎማ ከቸርኬው እስከ መንገዱ 172 ሚሊ ሜትር ያህል ላስቲክ አለው። 255/45 የሆነ የፈጣን መኪና ጎማ ያለው 115 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አጭሩ ጎን አስፋልት ላይ ጥቅም አለው፤ መሪው ሲታጠፍ መኪናው ሳይወላውል ይታዘዛል። ጠጠር ላይ ግን ድንጋዩ ጎማውን እስከ ቸርኬው ጨፍልቆ የውስጥ ክሩን ይበጥሳል። ጎኑ የተበጠሰ ጎማ ደግሞ በልጥፍም በመወተፊያም አይድንም። ስለዚህ መኪናው የሚፈቅድለት ባለቤት አንድ ኢንች ያነሰ ቸርኬና በዚያው መጠን ጎኑ የረዘመ ጎማ ቢመርጥ ለባሌ የሚሆን መኪና ይኖረዋል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት መለወጥ ግን የለበትም፤ ከተለወጠ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል። ፍሬኑ በአነስተኛው ቸርኬ ውስጥ መግባቱም አስቀድሞ መለካት አለበት።

ብርድ፣ ነፋስና ከፍታ

ላስቲክ ሲበርደው ይደርቃል። ለሙቀት የተሠራ የፈጣን መኪና ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን መለመጡን እያጣ ይሄዳል፤ መንገዱንም አጥብቆ አይዝም። በበጋ ወራት ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማለዳ በኩሬዎቹ ዳር ስስ በረዶ ይታያል፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ቀኑ ይሞቃል። ጎማ አምራቾች ለብርድ የሚሆነውን ምርታቸውን ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት በሚያሳይ ምልክት ይለዩታል። ለባሌ ሙሉ የብርድ ጎማ አያስፈልግም፤ ደሎ መና ሲደርስ ሙቀቱ ይጨርሰዋል። የተራራው ምልክት ያለበት ድብልቅ ጎማ ግን ለሁለቱም የሚሆን አማካይ ነው።

ስለ ነፋስ ብዙ ክርክር አለ። አንዳንድ ሹፌር ሳነቴ ከመውጣቱ በፊት «ላይ ሲደርስ ያብጣል» ብሎ ያስተነፍሳል። ሌላው «ብርዱ ያጎድለዋል» ብሎ ይጨምራል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ከ1,300 ወደ 4,000 ሜትር ሲወጣ ከጎማው ውጭ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ላይ የሚነበበው ከ3 ነጥብ 5 ፒኤስአይ በላይ ይጨምራል። የሙቀቱ መቀነስ በበኩሉ በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ያሳንሰዋል። በደሎ መና 26 ዲግሪ ላይ 36 የተሞላ ጎማ 8 ዲግሪ በሆነው ሳነቴ ላይ ሲቀዘቅዝ በስሌት ከ36 እስከ 37 ባለው ውስጥ ይቆያል። ከፍታውና ብርዱ ይካካሳሉ። በጉዞው መካከል ማስተንፈስም መጨመርም አያሻም።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ሌላ ቦታ ነው። ቁልቁለት ወርዶ የጋለ ጎማ ሲለካ 42 ይላል፤ ሹፌሩ ይደነግጥና ያስተነፍሳል። በማግስቱ ማለዳ ያው ጎማ 30 እንኳን አይሞላም። ነፋስ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ መኪናው ካደረበት ሳይነቃነቅ ነው። ጠጠር ላይ ለምቾት ቀንሶ የነዳ ሰው ደግሞ አስፋልት ላይ ሳይወጣ መልሶ ይሙላ።

ያነሰ ነፋስ፣ ከባድ ጭነትና ፍጥነት ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ዓለም በውድ ዋጋ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2000 ፋየርስቶን በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ይገጠሙ የነበሩ 6 ነጥብ 5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ። ጎማዎቹ በሞቃት አካባቢዎች በፍጥነት ሲነዱ የላይኛው ጥርሳቸው ይገነጠል ነበር፤ ከዚህ ጋር በተያያዙ አደጋዎች ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ፋየርስቶን ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ለመኪናው የተመከረው 26 ፒኤስአይ ማነሱ ነበር፤ ፎርድ ጥፋቱ የጎማው ነው ሲል ተከራክሯል። ጎኑ እየታጠፈ የሚሄድ ጎማ ከውስጥ ይግላል፤ ሙቀቱም ንብርብሮቹን ያላቅቃል። ከሳነቴ ወርዶ በሐረና ሙቀት የሚጓዝ ጎማ ተመሳሳይ አደጋ አለበት።

ጠጠር፣ ጭቃና አስፋልት

ለከባድ መኪናዎች ገበያ ላይ የሚገኙት ጎማዎች በሦስት ይከፈላሉ። ሹፌሮች ኤችቲ የሚሉት የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጸጥተኛና ነዳጅ ቆጣቢ ነው። ኤምቲ የጭቃ ጎማ ነው፤ ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ስለሆነ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል። ኤቲ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ድብልቅ ነው።

ለባሌ ጭቃ ኤምቲ ያስፈልጋል የሚል እምነት አለ፤ እምነቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሲናና ላይ ስንዴ የሚያበቅለው ጥቁር መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው መኪናን አስሮ ይይዛል። በገናና በቦና አዝመራ፣ በዓመት ሁለቴ፣ እርሻ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ፒካፕ ያለው ሰው ኤምቲ ቢገዛ ትክክል ነው። ኮምባይነር የሚያከራይና መለዋወጫ የሚያመላልስ ሰውም እንዲሁ። ግን ይኸው ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ደካማ ነው። ተራርቀው የቆሙት ጥርሶች መንገዱን የሚነኩበት ቦታ ትንሽ ነውና በዲንሾ ጭጋግ ውስጥ ድንገት ፍሬን ሲያዝ መኪናው ርቆ ይቆማል። አንድ ጎማ በማንኛውም ቅጽበት መሬት የሚነካው ከሰው መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ስለሆነ፣ ከዚያ ላይ የሚቀነስ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ይታወቃል።

ከአዲስ አበባ በአስፋልት 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሮቤ የሚያድርና በማግስቱ ሳነቴን የሚሻገር ሰው የሚበጀው ጎኑ የጠነከረ ኤቲ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሮቤ ሻሸመኔ ለሚመላለስ ዶልፊን ደግሞ የጭነት ደረጃው የተሟላ የአስፋልት ጎማ ይበቃዋል። ሞተሩ ፈጣን የሆነ የቤት መኪና ያለውና ባሌን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ግን እውነቱን ቢያውቅ ይሻለዋል፦ የፍጥነት ጎማውን ለአስፋልቱ ይተወው፤ ለሳነቴ ከጎባ የሚከራይ ላንድክሩዘር ይያዝ።

ፍሬን አያያዙ የተሳፋሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሳነቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ቁጥሩ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚገኘው በዚሁ አምባ ላይ ነው። ፍልፈል ለማደን ሜዳውን ሲያቋርጥ መንገዱንም ያቋርጣል። ጥርሱ ባለቀ ጎማ ጠጠር ላይ የሚንሸራተት መኪና በጊዜ አይቆምለትም። እዚህ አምባ ላይ ዝግ ብሎ መንዳትና ጥርሱ ያለ ጎማ ማሰር የዚህ እንስሳ ሕይወት ዋጋ አለው።

ገበያው

ጎማ ርካሽ ሆኖ አያውቅም፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን ከውጭ የሚገባ ሁሉ ይበልጥ ከብዷል። አገር ውስጥ አዲስ ጎማ በሚል ስም ተመሥርቶ በስሎቫኪያው ማታዶር አጋርነት የቆየውና በኋላ ሆራይዘን አዲስ ጎማ የተባለው ፋብሪካ አለ። የፈጣን መኪናን ሰፋፊ ልኮች የሚፈልግ ሰው ግን ዓይኑ ከውጭ በሚመጣው ላይ ነው። ዋጋው ሲከብድ ያገለገለ ጎማ ያጓጓል።

ያገለገለም ሆነ አዲስ ጎማ ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈለገው ጎኑ ላይ የታተመው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ እዚህ ላይ ገዢ ይሳሳታል። 4016 የሚል ጎማ በ2016 ዓ.ም. የተሠራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተሠራ መሆኑ ነው። በሁለቱ መካከል የሰባት ዓመት ያህል ልዩነት አለ። ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ በደጋ ላይ የሚበረታው ፀሐይ ደግሞ ላስቲኩን ይሰነጣጥቃል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ እንዳይነዳ ይመክራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለበረባሶ ነው።

በጀቱ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የሚችል ሰው ከኋላ ያስገጥማቸው። ብዙ ሹፌር ከፊት የሚፈልጋቸው የፊት ጎማዎች መሪውን ስለሚይዙ ነው። ግን የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሹፌሩ ይሰማውና ፍጥነት ይቀንሳል፤ የኋላው ሲከዳ መኪናው ይሽከረከራል፤ ያኔ ለማረም ጊዜ የለም። እንደ ላንድክሩዘር ቪ ኤይት አራቱም እግሩ ዘወትር የሚነዳ መኪና ደግሞ አራት ተመሳሳይ ጎማ ይሻል። የአንዱ ቁመት ከሌላው ከተለየ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይፋተጋል።

ትርፍ ጎማው አይረሳ። ብዙ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በትርፍ ጎማ ፈንታ የማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ይዘው ይመጣሉ፤ ፈሳሹ ሚስማር የወጋውን ያቆማል፣ ድንጋይ የቀደደውን ጎን ግን አያድንም። ጎባን ለቆ የወጣ ሰው እስከ ደሎ መና ድረስ ጎማ የሚሸጥበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ሙሉ ልክ ያለው፣ በዚያው ማለዳ ነፋሱ የተለካ ትርፍ ጎማ ጭኖ መውጣት ግድ ነው።

ከግጠማ በኋላ ባላንስና አላይመንት ይሠራል፤ አላይመንቱ የተዛነፈ መኪና አዲሱን ጎማ በአንድ ጎኑ በልቶ ይጨርሰዋል። ዳዶዎቹም ከተጠበቁ በኋላ ቸርኬው ቦታውን ሲይዝ ሊላሉ ስለሚችሉ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች አካባቢ በኋላ እንደገና መጠበቅ አለባቸው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ይህን ሪራ ላይ፣ ወደ ምዕራብ የሄደ ደግሞ ዲንሾ ላይ ቆሞ ሊያደርገው ይችላል።